ትንሽነት ያጽናናል ወይ?

«ሰው ምን ያህል ትንሽ ነው!» እያልን መጽናናት የምንወድ ብዙ ነን። እኔም አንዱ ነበርኩ። መድኃኒቴ ደግሞ አንድ ፎቶ ነበር።

ፎቶውን ያነሳው ቲየሪ ለጎ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ቦታው ፍሎሪዳ፣ ቀኑ ግንቦት 5 ቀን 2001 ዓ.ም.። ሰውየው ሰከንዷን አስልቶ፣ ካሜራውን ፀሐይ ላይ ደግኖ ይጠብቃል። «አትላንቲስ» የተባለችው የጠፈር መንኮራኩርና ልትጠግነው የሄደችው ሀብል ቴሌስኮፕ በፀሐይ ፊት ሽው ብለው አለፉ። አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። በፎቶው ላይ ፀሐይ ምጣድ ብታክል፣ መንኮራኩሯ የምስር ፍሬ፣ ቴሌስኮፑ ጤፍ ቢያክሉ ነው።

ታናሽ ወንድሙ የሞተበት ወዳጄን ልጠይቅ ስሄድ ይህንኑ ፎቶ ይዤ ሄድኩ። «ተመልከት፣ ሰው እኮ ይቺን ነው የሚያህለው» አልኩት። ብዙ ቆይቶ፣ «ውስጧ ስንት ሰው አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሰባት።»

«እንግዲያ ሰባት ቤት ነው» አለና ፎቶውን መለሰልኝ።

ያኔ አልገባውም ብዬ ነበር። ያልገባኝ ግን እኔ ነኝ። መንኮራኩሯ ከኛ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ፀሐይ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ምስር አክላ የታየችውም ለኛ ስለቀረበች ነው። ፀሐይ አጠገብ ብትሆን ኖሮ ማንም ካሜራ አያገኛትም። ለካ ትልቅና ትንሽ የሚባለው ነገር ተመልካቹ የቆመበትን ቦታም ይናገራል! ወንድምየው ለወዳጄ ቅርቡ ነበር፤ ፀሐዩን ቢጋርድበት ምን ይገርማል? ሩቅ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ደግሞስ መንኮራኩሯን ያመጠቁት ሰዎች «ነጥብ ናት» ብለው ተዉአት እንዴ? ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. «ኮሎምቢያ» ከነሰባት ተጓዦቿ ጠፍታባቸዋለች። ስለዚህ «አትላንቲስ» ስትሄድ፣ ችግር ቢገጥማት ደርሳ ሰዎቹን የምታወጣ «ኢንዴቨር» የተባለች ሌላ መንኮራኩር አዘጋጅተው አቆሙ። ለሰባት ሰው አንድ ሙሉ መንኮራኩር! የሰውን ልክ የሚያውቅ እንዲህ ያደርጋል።

«ትንሽ ነኝ» ማለት ትሕትና ነው። ላዘነ ሰው «ሟችህ ትንሽ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ጥበብ መስሎኝ ነበር።

ፎቶው ዛሬም አለኝ። ትዕቢት ቢጤ ሲሞክረኝ አውጥቼ አየዋለሁ። ለቅሶ ቤት ግን ይዤው አልሄድም።