የሰፈር ጠባቂ ማንን ይጠብቃል?

«ጠበቀ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። እረኛ በጎቹን ይጠብቃል፤ ሽፍታም ጫካ ውስጥ አድፍጦ መንገደኛውን ይጠብቃል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ለየቅል። በየሰፈሩ በፈቃደኝነት ለሌሊት ጥበቃ ስለሚወጣው ነዋሪ ባሰብሁ ቁጥር ይኸው መንታነት ይከነክነኛል። ለመሆኑ ዱላና ባትሪ ይዞ ከመንደሩ መግቢያ የቆመው ሰው የጎረቤቱ እረኛ ነውን? ወይስ ጎረቤቱ ላይ የሚያደባ?

የጥበቃውን አስፈላጊነት የሚጠራጠር የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፖሊስ በየቅያሱ አይደርስም፤ ሌባ ግን ይደርሳል። ስለዚህ አቅም ያለው መንደር ከየቤቱ አዋጥቶ ዘበኛ ይቀጥራል፤ አቅም የሌለው ተራ ገብቶ ያድራል። ማደር የማይችል የደጁን መብራት ሳያጠፋ ይተኛል፤ ጎረቤቱ ለለቅሶ አገር ቤት ሲሄድ ቤቱን ያይለታል። ቀን ደጃፋቸው ላይ እህል የሚለቅሙ እናትም ሳይመዘገቡ ጥበቃ ላይ ናቸው፤ ከእሳቸው ዓይን የሚያመልጥ ጸጉረ ልውጥ የለም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ማለት ይኸው ነው።

ይሁንና ሰፈርን ለመጠበቅ ሰፈርን ማወቅ ግድ ይላል። ማን መቼ ይገባል? ማን ብቻውን ይኖራል? የማን ልጅ ያመሻል? ይህ ዕውቀት በጎረቤትነት የተገኘ አደራ ነው። አደራው ሲበላ ምን እንደሚከተል ደግሞ አይተናል። ጥንት በአፈርሳታ የአገሩ ሰው ባንድነት ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። እህሉ ማሳ ላይ የቀረበት ገበሬ፣ ወገን የሌለውን ሰው ጠቁሞ ለመገላገል ምን ያህል ተፈትኖ ይሆን? በሐምሌ 1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ መሠረት የተቋቋሙት ቀበሌዎችም ቀስ በቀስ አብዮት ጥበቃ የሚባል የታጠቀ ኀይል አበጁ። በ1969 ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ ቀይ ሽብርም ሲፋፋም፣ ከደጅ የቆመው ታጣቂ ብዙ ጊዜ የሰፈር ልጅ ነበር። የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት ያወቀው ጎረቤት ስለ ነበረ ነው።

ነገሩ የአንድ ሥርዓት ኀጢአት ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪክ ነው ብለን በዘጋነው። ዳሩ ግን በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ መሀል አገር ሲገፋ የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን አስመዝግቦ፣ ተደራጅቶ ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተጠራ። ብዙ ሰው ከልቡ ወጣ፤ በብርድ አደረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በከተማይቱ የሚካሄደው እስር በብሔር ማንነት ላይ የተመሠረተ እንደሚመስል ገለጸ። እንግዲህ አንዱ ቤት በጠባቂው ተማምኖ ሲተኛ፣ የሚቀጥለው ቤት የጠባቂውን ኮቴ እየሰማ ነቅቶ ያድር ነበር። ሁለቱም የአንድ ዕድር አባላት ሊሆኑ ይችላሉ።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ መለያው ጩኸትና ሹክሹክታ ነው። ሌባ አጥር ሲዘል ያየ ሰው «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ይጮኻል። ሌባውም ይሰማል፤ ባለቤቱም ይሰማል፤ ያልሰረቀ ሰው ከሆነም «እኔ ነኝ፣ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው» ለማለት ዕድል ያገኛል። ሹክሹክታ ግን መልስ አይሰጠውም። የተሾከሾከበት ሰው ነገሩን የሚያውቀው በሩ ሲንኳኳ ነው።

«ክፉ ሰው ቂም ይይዛል፤ ምስክር ሁሉ በአደባባይ ይጩኽ ማለት የዋህነት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ሚስቱን የሚደበድብን ጎረቤት ለፖሊስ በምስጢር መጠቆም ነውር አይደለም። ነገር ግን የሚጠቆመው በዓይን የታየ ድርጊት ይሁን፤ መቼና የት እንደ ተፈጸመም ይነገር። ማን እንግዳ እንደሚመጣበት፣ በምን ቋንቋ ስልክ እንደሚያወራ፣ የትኛውን በዓል እንደሚያከብር የጠባቂ ጉዳይ አይደለም።

ፈቃደኝነትም ቢሆን ፈቃደኝነት የሚባለው እንቢ ማለት ሲቻል ነው። ከተራው የቀረ ሰው «ምን አስቦ ነው የቀረው?» ከተባለ፣ ጠባቂ አልሆንም ያለው ራሱ ተጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰፈራችሁ ጠባቂ ሲፈልግ ተመዝገቡ እላለሁ፤ እኔም እመዘገባለሁ። ከመውጣታችን በፊት ግን የመንደሩ ሰው፣ ባለቤቱም ተከራዩም፣ ነባሩም አዲስ ገቢውም፣ ተሰብስቦ ምን እንደሚጠበቅና የታየው ለማን እንደሚነገር በግልጽ ይስማማ። የጥበቃውን መሳካት የምለካው፣ መንደሩ በጥርጣሬ የሚያየው ጎረቤት የጠባቂውን ፊሽካ ሰምቶ፣ ተገላብጦ መልሶ ሲተኛ ነው።