የጦር መሪ ጸባይ በምን ይታወቃል?

ስለ ጦር መሪ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጀግንነቱ ነው። ስንቱን አሸነፈ፣ ስንቱን ማረከ ይባላል። እኔ ግን ጀግንነትና ጸባይ አንድ አይደሉም ባይ ነኝ። ጀግንነት ጠላት መሣሪያ ይዞ ሲመጣ ይታያል። ጸባይ የሚታየው ግን ጠላት ተሸንፎ እጅ ከገባ በኋላ ነው።

አጼ ምኒልክን እንይ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ማረኩ። ንጉሡ ቆስለው ነበር፤ ምኒልክ ግን አልገደሏቸውም፣ አሳከሟቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይም ከ1,500 በላይ ጣሊያኖች ተማረኩ። አብዛኞቹ ወደ ሸዋ ተወሰዱ፣ በጥቅምት 1889 የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይሄ ያስመሰግናል።

በዚያው ጦርነት ግን ለጣሊያን የተዋጉ ጥቁር አስካሪዎችም ተማርከዋል። ወደ 800 የሚሆኑት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ባንዳ ስለሆኑ ነው፣ የዘመኑ የከሃዲ ቅጣት ነው ይባላል። መኳንንቱ ገፋፍተዋቸው ነው የሚሉም አሉ። ይሁን። ግን እኮ ብዙዎቹ ጣሊያን የያዘው የኤርትራ ምድር ልጆች ናቸው። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ከብቱ አልቆ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ሰውን ፈጅቶት ነበር። ለደመወዝ ብሎ የገባ አይጠፋም። ችግር ሰውን የማን ደጅ እንደሚያደርሰው ለእኛ ነጋሪ አያሻንም።

ይህን የምለው የአድዋን ድል ለማሳነስ አይደለም። ድሉ ኩራታችን ነው። ግን ለጣሊያኖቹ የሚጠይቅ፣ የሚደራደር መንግሥት ነበራቸው። ለአስካሪው ማን ጠየቀ? ምሕረት ጠያቂ ላለው ብቻ ከሆነ ግማሹ ብልጠት ነው። የመሪ ጸባይ የሚለካው ጠያቂ በሌለው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬም አንድ አዛዥ ሲሾም የበላዮቹን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ተራ ወታደሩ፣ ወጥ ሠሪው፣ ምርኮኛው ይጠየቅ። ጸባይ ከማዕረግ ጋር አይታደልም፣ ከታች ጀምሮ የሚለመድ ነገር ነው። አሥር አለቃ ሳለ በአሥር ሰው ላይ ያልለመደውን ርኅራኄ፣ ጄኔራል ሲሆን ከየት ያመጣዋል? ደግሞም ሌላው ሁሉ «ቁረጥ» ሲል «ተው» የሚል ሰው ከጎኑ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያባርር መሪ ጸባዩ አያድግም።

እኛ ጦር አንመራም። ግን አንድ ቤት ሁለት ሦስት ሆነን ስንሠራ፣ ቀድማ የመጣችው ቋንቋውን ታውቃለች፣ የማዳምን ነገር ታውቃለች። አዲሷ ልጅ ስልክ እንኳ የላትም፣ በእሷ እጅ ናት። ወይ ሥራውን ታሳያታለች፣ ወይ አጥፍታ እስክትሰደብ ዝም ብላ ታያታለች። እዚያም ቢሆን የሚጠይቅ የለም።