በጨዋታ ስለ ሞተ ጓደኛ ማዘን ይገባልን?

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ መጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ይመስላል። ይኸውም በኮምፒዩተር በምንጫወተው የጠፈር ውጊያ ውስጥ አንዱን ለማዳን ሌላውን መተው ግድ ሲሆንብን የሚሰማን ኀዘን እውነተኛ ነውን? ምርጫችንስ ስለ ጠባያችን አንዳች ነገር ይመሰክራልን? የሚል ነው። ታላላቆቻችን ነገሩን «ሥራ መፍታት ነው» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ብዙዎቻችን የዕረፍት ሰዓታችንን የምናሳልፍበት ነገር ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም እንላለን።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ጨዋታዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው ኦሪጅን ሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው፣ ክሪስ ሮበርትስ የነደፈው «ዊንግ ኮማንደር» ነው። ተጫዋቹ «ታይገርስ ክሎው» በተባለች ታላቅ የጦር መርከብ ላይ የሚያገለግል አብራሪ ይሆናል። ወደ ግዳጅ ሲወጣ አንድ አጋር አብራሪ አብሮት ይበራል። አጋሮቹም የየራሳቸው ስምና ጠባይ ያላቸው ናቸው፤ በመዝናኛ ክፍል ተቀምጠው ያጫውቱታል። ከእነርሱ አንዱ በውጊያ ላይ ከሞተ ግን የቀብር ሥነ ሥርዐት ይደረግለታል እንጂ ዳግመኛ አይመጣም። ግዳጅ ቢከሽፍም ጨዋታው በዚያው አያበቃም፤ ታሪኩ በሽንፈት መንገድ ይቀጥላል። ያሸነፈና የተሸነፈ የሚደርሱበት መጨረሻ የተለያየ ነው።

በዚያው መዝናኛ ክፍል አንድ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳውም ላይ እያንዳንዱ አብራሪ ስንት የጠላት መንኰራኵር እንደ ጣለ ተጽፎአል። ስንት ጓደኛ እንዳዳነ የሚቈጥር መስመር ግን የለም። እንግዲህ ተጫዋቹ በጠላት ተከቦ ሳለ የአጋሩን የድረስልኝ ጥሪ ቢሰማ፣ ከፊቱም ለመምታት የቀረበ ጠላት ቢኖር፣ ሰሌዳው «ምታ» ይለዋል፤ ልቡ ደግሞ «ተመለስ» ይለዋል። ከባዱ ምርጫ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቮሊሽን የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ፍሪስፔስ 2» ነው። በዚህ ጨዋታ የመጨረሻ ግዳጅ ላይ ካፔላ የተባለችው ኮከብ ልትፈነዳ ጥቂት ጊዜ ቀርቷታል። ስደተኞችን የጫኑ መርከቦች ወደ መውጫው በር ይሸሻሉ፤ ጠላትም ይከተላቸዋል። አብራሪው እነርሱን ሲጠብቅ ይቈይና ጊዜው ሳያልቅ እርሱም ወጥቶ ይተርፋል፤ ወይም እስከ መጨረሻው ከኋለኞቹ ጋር ቈይቶ ከኮከቧ ጋር ይጠፋል። ሁለቱም መንገዶች ታሪኩን ወደ ፍጻሜው ያደርሱታል። ቢወጣ ፈሪ ተብሎ አይከሰስም። ስለዚህ ምርጫው ለራሱ ለተጫዋቹ የተተወ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንዳንዶች «የሞተ ሰው የለም፤ ያልነበረ አይሞትም፤ ታዲያ ኀዘኑ ከየት መጣ?» ይሉናል። መልሳችን ቀላል ነው። በልጅነታችን ምድጃ ዳር ተረት ሲነገረን እናቱ ስለ ሞተችበት ልጅ አልቅሰናል። ልጁ እንዳልነበረ እናውቅ ነበር፤ ሆኖም ስላለቀስን የሰደበን የለም። እንዲያውም ወላጆቻችን ተረቱን የነገሩን ልባችን እንዲራራ ብለው ነው። የጨዋታው ነገር ከተረት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ በተረት እኛ ሰሚዎች ነን፣ በጨዋታ ግን መሪውን የያዘው የእኛ እጅ ነው። ከዚህም የተነሣ አጋሩ ሲሞት «ምስኪን!» ብቻ አንልም፤ «ብመለስለት ኖሮ» እንላለን። ይህ ሁለተኛው ቃል ከኀዘን አልፎ የኀላፊነት ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ራሳችንን እንዳናሞግስ እንጠንቀቅ። በካፔላ ከስደተኞቹ ጋር ቈይቶ የሞተው ተጫዋች ኮምፒዩተሩን ዘግቶ እራቱን ይበላል። መሥዋዕትነቱ ምንም አላስከፈለውም፤ አንድ ስደተኛም አላዳነም። በነጻ የተገኘ ጀግንነት ከጀግንነት አይቈጠርም። ስለዚህ ጨዋታው ደግ አያደርገንም፤ ምናልባት የሚያደርግልን ነገር ቢኖር ምን እንደምንመኝ ማሳየት ነው። መመኘትና መሆን ደግሞ ሩቅ ለሩቅ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ልናስብበት የሚገባን ግን መልሶ የመጀመር ልማድ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ከግዳጁ በፊት ጨዋታውን ያስቀምጣል፤ አጋሩ ሲሞትበትም ካስቀመጠበት ተመልሶ እንደ ገና ይጀምራል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ማዳን እየተቻለ ጓደኛን መተው አግባብ ነውን?» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ በእውነተኛው ሕይወት የሞተን መመለስ ቢቻል ኖሮ አለመመለስ ወንጀል በሆነ ነበር። ነገር ግን ስንመለስ የምንመለሰው ለማን ነው? ለጓደኛው አዝነን ነው? ወይስ መዝገባችን እንዳይቈሽሽ ፈልገን? ይህን ከራሳችን በቀር የሚያውቅ የለም። ደግሞም ዘወትር መመለስን የለመደ ሰው ምርጫ የሚባለውን ነገር ትርጕም ይረሳል። ምርጫን ከባድ የሚያደርገው ስለማይታጠፍና ዋጋውን ሌላ ሰው ስለሚከፍለው ነው። አባቶቻችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ያሉት ለዚህ ነው።

እስቲ ነገሩን ወደ ኑሯችን እናምጣው። ነገ ፈተና አለ እንበል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን በጽኑ ታመመ፤ ወደ ክሊኒክ የሚያደርሰውና አብሮት የሚያድር ሰው ያስፈልገዋል። ፈተናው የልፋታችን ፍሬ ነው፤ ምናልባትም የቤተ ሰባችን ተስፋ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠን የውጤት ወረቀት ልክ እንደዚያ ሰሌዳ ነው፤ ያገኘነውን ማርክ ይጽፋል፣ ከታመመ ጓደኛ ጋር ያደርንበትን ሌሊት ግን አይጽፍም። በዚያች ሌሊት የሚደረገውም ምርጫ ተመልሶ የሚጀመር አይደለም። «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው የሌላው ሕመም ለእኛ ቀላል ነው፤ ክፍሉን ዘግቶ ማጥናትም ይቻላል። በጠፈር ውጊያ ለአጋሩ የተመለሰው ወጣት በዚህች ሌሊት ይመለሳልን? የጨዋታው ኀዘን እውነተኛ መሆኑና አለመሆኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ አሳባችንን እናጠቃልል። በጨዋታ ስለ ሞተ ጓደኛ ማዘን አያሳፍርም፤ የማያዝን ልብ ይልቅ ያስፈራል። ነገር ግን ኀዘኑ በኮምፒዩተሩ ፊት ተጀምሮ በኮምፒዩተሩ ፊት የሚያልቅ ከሆነ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ የምትጫወቱ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ እስቲ አንድ ጊዜ መልሳችሁ ሳትጀምሩ፣ የሞተውን እንደ ሞተ ትታችሁ እስከ ፍጻሜው ተጫወቱ። ባዶ የቀረውን ወንበር እያያችሁ መቀጠል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከዚያም ስትነሡ፣ በአጠገባችሁ ያለውን፣ ሰሌዳ የማይቈጥርላችሁን ሰው አስቡ። እርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚኖረው፤ እናንተም እንዲሁ።