የዕረፍት ቀን የማን ነው?

ሰው የሚያርፈው ለመሥራት ነውን? ወይስ የሚሠራው ለማረፍ? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ቢመስልም፣ አንድ ኅብረተሰብ ለሰው ልጅ የሚሰጠው ዋጋ የሚመዘነው በመልሱ ነው። ከለንደን በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የባሕር ዳር ከተማ፣ የብራይተንን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ይህ ጥያቄ ጎልቶ ይታየዋል።

ብራይተን ቀደም ሲል የዓሣ አጥማጆች መኖሪያ ነበረች። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሪቻርድ ራስል የተባለ ሐኪም የባሕር ውሃ ፈዋሽ መሆኑን ከጻፈ በኋላ፣ ባለጸጎች ይጎርፉባት ጀመር። ኋላ ጆርጅ 4ኛ ተብሎ የነገሠው ልዑልም በከተማይቱ የነበረውን ቤቱን፣ ጆን ናሽ በተባለው አርክቴክት አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ1815 እስከ 1822 የሕንድ ሕንጻ በሚመስሉ ጉልላቶች አስጌጦ አሠራው። ባሕር ዳር መዝናናት ያን ጊዜ፣ ትርፍ ጊዜና ገንዘብ ላለው ሰው የተሰጠ ዕድል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 የባቡር ሐዲድ ከለንደን ብራይተን ሲደርስ፣ ሠራተኛው ማለዳ ተነሥቶ ባሕር አይቶ ማታ ከቤቱ መመለስ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። ሐዲዱ ግን መንገዱን እንጂ ቀኑን አልሰጠውም። ለቀኑ ሕግ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1871 የወጣው ሕግ ጥቂት የበዓል ቀናትን ወሰነ፤ በ1938 የወጣው ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልበትን ዕረፍት በሕግ መሠረት ላይ አቆመ።

ለዕረፍት የሚሟገቱ ብዙዎች፣ ያረፈ ሠራተኛ አብልጦ ያመርታል ይላሉ። አባባሉ እውነት አለው፤ ነገር ግን ያንሳል። በሬም ከቀንበር የሚፈታው ነገ እንዲያርስ ነውና። አርስጣጣሊስ ግን የምንደክመው ዕረፍት ለማግኘት ነው ሲል ነገሩን ገልብጦ አይቶታል።

አራት ጓደኛሞች በብራይተን ጠጠራማ ዳርቻ ተቀምጠዋል እንበል። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ የተጠበሰ ዓሣና ድንች እየተሻሙ ይበላሉ፤ ያረጀ ቀልድ ተነሥቶ እንደ አዲስ ያስቃቸዋል። ከዚህ ቀን ወደ ገበያ የሚወጣ ምርት የለም። ሆኖም ከዓመቱ ቀናት ውስጥ በእርግጥ የኖራችሁት የትኛውን ነው ተብለው ቢጠየቁ፣ ይህንኑ ይጠሩ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቀን የድካም ፍሬ እንጂ የድካም መሣሪያ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ከባዱ ጥያቄ ይነሣል። ዓሣውን የጠበሰው ማን ነው? ባቡሩን የነዳው፣ ማታ ዳርቻውን የሚጠርገውስ? የአራቱ ዕረፍት የሌሎች የሥራ ቀን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ደስታን ሁሉ እንደ በደል የሚቆጥር ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ የአራቱ መቆዘም ለዓሣ ጠባሹ አንዲት ሰዓት ዕረፍት አይጨምርለትምና። ይልቅስ ሊጠየቅ የሚገባው፣ የእርሱ ቀን መቼ ይደርሳል? የሚለው ነው። ተራው የሚደርሰውና ከወዳጆቹ ጋር ባሕሩን ለማየት አቅም ያለው ከሆነ፣ ሥራው እንደ ወንፈል ነው፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። ተራው ከቶ የማይደርስ ከሆነ ግን፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ግንኙነቱ የጌታና የሎሌ ነው።

የልዑሉ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1850 ለከተማው ተሽጦ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። ሕንጻን የሕዝብ ለማድረግ አንድ ውል በቂ ነው። የዕረፍትን ቀን የሁሉም ለማድረግ ግን፣ የሚዝናና ሰው ሁሉ የሚያስተናግደውን ሰው ተራ እንደ ራሱ ጉዳይ ሊከራከርለት ይገባል።