«ሶሪ» ካልን በኋላ

ዛሬ ስንት ጊዜ «ሶሪ» ብላችኋል? የሰው እግር ስትረግጡ፣ ለመዘምራን ልምምድ አርፍዳችሁ ስትገቡ፣ ለመልእክት መልስ ሳትሰጡ ስትቀሩ። እኔ ባለፈው ዓመት ከጓደኛዬ 600 ብር ተበድሬ በቀጠሮው አልመለስኩም። ከሶዶ «ሶሪ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ለጊፋታ ሃላሌ ስገባ ለእናቴ አጫወትኳት። ጊፋታ ሲደርስ የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳም ይከፈላል፤ መጠየቋ አይቀርም ነበር። «ሶሪ ብዬዋለሁ» አልኳት።

«እሱስ ምን አለ?» አለችኝ።

«ሶሪ» መልስ የሚጠበቅበት ቃል መሆኑን አስቤ አላውቅም ነበር።

ቃሉ ከ1,000 ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር፤ «የታመመ፣ ልቡ የቆሰለ» ማለት ነው። የተወለደውም ቁስል ከሚለው ቃል ነው። ኀዘን ከሚሉት «ሶሮው» የመጣ ይመስላል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። እንግዲህ «ሶሪ» ባይ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ «አሞኛል» ይላል። እንግሊዞች ለሐዘንተኛም «ሶሪ» ይላሉ፤ ሟቹን አልበደሉትም፣ አዝነዋል እንጂ።

«ይቅርታ» ግን ከ«ቀረ» ይወጣል፤ በደሉ ይቅር፣ በመካከላችን አይቁም ማለት ነው። በወላይትኛችንም «አቶ ጋ» ስንል ያው ነው፤ «አቶ» ጠብቆ ሲነበብ «ይቅር»፣ «ጋ» ደግሞ «በል»። ሁለቱም ሌላው ሰው እንዲናገር ይለምናሉ። እሱ «ይቅር» እስኪል ነገሩ አላለቀም፤ አልልም ማለትም ይችላል። «ሶሪ»ን የምንወደው ይህን ጥበቃ ስለሚያስቀርልን ይመስለኛል።

በእንግሊዝኛው ብቻ ግን አልፈርድም። በሰልፍ መሐል ሰው ገፍተን የምናልፈው «ይቅርታ» እያልን አይደል? ሕመሙም ያስፈልጋል፤ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 7፥10 ወደ ንስሐ ስለሚያደርስ ኀዘን ጽፏል። ሕመሙ የሚታየው የት ነው? ሉቃስ 19ን አንብቡ። ዘኬዎስ «አዝኛለሁ» ሲል አንሰማውም፤ አራት እጥፍ ስለ መመለስ ነው የሚናገረው።

እኔ አራት እጥፉን አልቻልኩም። 600 ብሩን ይዤ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ብሩ ለእህቱ ደብተርና ዩኒፎርም የተቀመጠ እንደነበር ያን ዕለት ነገረኝ። «አቶ ጋ» አልኩት። ዝም አለ። እናቱ ቡና አቀረቡ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቦሎቄው አወራን። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ነው የመለሰልኝ።