ለማናውቀው እንግዳ የሚሆን ጥላ



አባታችን አብርሃም ሦስቱን እንግዶች በቀትር በተቀበለ ጊዜ ያሳረፋቸው ከዛፍ ጥላ ሥር እንደ ነበር በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 እናነባለን። ውኃው የቀረበው፣ እንጎቻው የተጋገረው፣ ጥጃው የታረደው በዚያው ሰዓት ነው። ጥላው ግን በአንድ ቀን የሚሰናዳ አልነበረም፤ እንግዶቹ ከመምጣታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ማደግ የጀመረ ነው።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአድባር ዛፍ የተባለው ይህ የመምሬ ዛፍ በብዙ ትርጉሞች ኦክ ይባላል። በኬብሮን አካባቢ ያለው ሀገር በቀል ኦክ ክረምት ከበጋ ለምለም ነው። ፍሬው ከደረቀ አይበቅልም፤ በእርጥቡ ሲዘራ ግን ቅጠል ከማሳየቱ አስቀድሞ ሥሩን ወደ ጥልቅ ይሰዳል። ስለዚህ በሚኖርበት ስፍራ ሊዘራ፣ አለዚያም ገና ትንሽ ሳለ ሊተከል ይገባዋል፤ ካደገ በኋላ ቢዛወር ይጎዳልና። የተከለው ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያየው ጥቂት ነው፤ ዋናው ሥራ የሚከናወነው ከመሬት በታች ነው።

በኬብሮን በሚገኘው የሩሲያ ኦርቶዶክስ ገዳም ይዞታ ውስጥ ትውፊት የአብርሃም ዛፍ የሚለው ያረጀ ኦክ ነበረ። ግንዱ በ1996 እ.ኤ.አ. ደርቆ ሳለ በ1998 ከሥሩ ቡቃያ ታየ፤ አሮጌው ግንድ በ2019 ወደቀ። ሥር የሰደደ ነገር ግንዱ ሲሞት እንኳ ተስፋ አያጣም።

ኦክ ለሀገራችን ሀገር በቀል አይደለም፤ እግዚአብሔር ለእኛ ምድር ዋርካንና ዋንዛን፣ ዝግባንና ወይራን ሰጥቶናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚደርስ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ጠቅሞናል፤ ጥቅሙንም አንነቅፍም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚተከለው ሁሉ ተቆርጦ ለመሸጥ የታሰበ ከሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚቆዩት አረጋውያን፣ ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩት ሕፃናት፣ ከሩቅ የመጣው ለቀስተኛ ከወዴት ይጠለሉ?

እንግዲህ በመጪው ክረምት መግቢያ በየቁምስናችን ቢያንስ አንድ ሀገር በቀል የጥላ ዛፍ እንትከል። ከሕንፃው መሠረት እናርቀው፤ ጉድጓዱን እናስፋለት፤ ከፍየል በአጥር እንከልለው፤ በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ውኃ አናጓድልበት። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ቤተሰብ ኃላፊ ይሁን፤ ተክሎ መሄድ ብቻውን ተከለ አያሰኝምና።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን በዚያ ጥላ ሥር ላንቀመጥ እንችላለን። አብርሃም ግን በቀትር የመጡት እነማን እንደ ሆኑ ሳይጠይቅ ነበር ጥላውን የሰጣቸው። እኛም ስማቸውን ለማናውቀው፣ ገና ላልተወለዱት እንግዶች ስፍራ እናዘጋጅ። ለዚህም የትዕግሥትን ጸጋ ያድለን። አሜን።