ባቡርና እግረኛ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ባቡር እግረኛን ገጭቶ በጣለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ምን ሊያደርግ ሐዲድ ላይ ገባ?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜም ፍርዱ በዚህ ጥያቄ ተጀምሮ በዚሁ ያልቃል። ጥያቄው ተገቢ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይችልም እንላለን።

የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ፍትጊያው እጅግ ጥቂት ነው። ባቡር ብዙ ጭነት በጥቂት ኀይል ለመሳብ የቻለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ቶሎ ለመቆም የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በፍጥነት የሚገሠግሥ ከባድ ባቡር ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘወር ማለትማ ከቶ አይቻለውም። ስለዚህ ነጂው ሰውን ድንገት ከፊቱ ባየ ጊዜ ከጡሩምባና ከፍሬን በቀር በእጁ የሚቀር ነገር የለም። እንግዲህ ነጂው ነጻ ከሆነ ጥፋቱ ሁሉ በእግረኛው ላይ ይወድቃልን?

«አዎን፤ አደጋው የሚመጣው ሕዝቡ ስላልሠለጠነ ነው» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሆነው የዊልያም ሐስኪሰን ታሪክ ነው። ሐስኪሰን የእንግሊዝ የፓርላማ አባል፣ ቀድሞም ሚኒስትር የነበረ፣ የሊቨርፑልና የማንቸስተር የባቡር መንገድ እንዲሠራ ከደገፉት ሰዎች አንዱ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830 ሴፕቴምበር 15 ቀን መንገዱ ሲመረቅ፣ ባቡሩ ውሃ ለመቅዳት ፓርክሳይድ በተባለው ስፍራ ቆመ። ተሳፋሪዎች እንዳይወርዱ ተነግሯቸው ሳለ፣ ሐስኪሰን ከሌሎች ጋር ወርዶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የዌሊንግተንን መስፍን ሰላም ለማለት ወደ ሠረገላቸው ቀረበ። በዚያች ሰዓት «ሮኬት» የተባለው ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ መጣ። ሐስኪሰን የሠረገላውን በር ቢይዝ በሩ ተከፍቶ ወደ ሐዲዱ አወጣው፤ እግሩ ተቀጠቀጠ፤ በዚያው ምሽት ሞተ። ይህን ሰው ያልሠለጠነ ነበር የሚለው ማን ነው?

ዐይንም ቢሆን ያታልላል። ግዙፍ ነገር ከሩቅ ሲታይ ከእውነተኛው ፍጥነቱ ይልቅ ዝግ ብሎ የሚመጣ ይመስላል። አንደኛው ባቡር ሲያልፍ ከበስተጀርባው በሌላው ሐዲድ የሚመጣውን ይሰውራል። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ድምፁ አነስተኛ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገዱ በከፊል በድልድይ ላይ፣ በከፊል ግን በመንደሮች መካከል በምድር ላይ የሚያልፍ ነበር። በጥቂት እርምጃ ወዲያ ማዶ ተሻግሮ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ መሻገሪያ ፍለጋ መዞር ግድ ሆነበት። መሻገሪያው በራቀ መጠን ሸክም ላጐበጣት እናትና ሰዓት ለረፈደበት ተማሪ ፈተናው ይበረታል።

በዚህ ሁሉ እግረኛው ጥፋት የለበትም አንልም። ነገር ግን የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ያጣ ሰው በሞት ወይም በአካል መጕደል ይቀጣ ብሎ የሚፈርድ ዳኛ የለም። ከዚህም በላይ፣ እግረኛው የሚሳሳተው በቅጽበት ሲሆን፣ መንገዱን ለነደፈውና ላጸደቀው ግን ለማሰብ ወራትና ዓመታት ተሰጥተውታል። ኀላፊነት የሚመዘነው ለማሰብ በተሰጠው ጊዜ ልክ ነው ብለን እናምናለን። ሊቆም የማይችለውን ነገር በሰው መካከል የሚያሳልፍ ሁሉ፣ ሰው ሊሳሳት እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ዕዳው ነው።

ስለዚህ መምህሩ ልጆችን ቆመው በሁለቱም ወገን እንዲያዩ ያስተምር፤ ተማሪውም ታናናሾቹን ይምከር። ባለ ሥልጣኑ ደግሞ በፕላኑ ላይ ከመፈረሙ በፊት ከአንዱ መሻገሪያ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ሸክም እንደ ያዘ ሰው ሆኖ በእግሩ ይሂድበት። አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚሠራ አጥርና የሚሰቀል ማስጠንቀቂያ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከመባል አያልፍም።